ስለ ሳይንስ ትምህርት፤ ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል?

ዕውቀት ወደ ሰው ልጅ ልቡና የሚገባባቸው በሮች ብዙዎች ናቸው። አንደኛው ጆሮ ነው፤ በእርሱ የአባቶች ቃል ለልጆች ይተላለፋል። ሁለተኛው ዐይን ነው፤ በእርሱ የተሰማው ነገር እውነት መሆኑ ይታወቃል። ሦስተኛውም እጅ ነው፤ በእርሱ የታየው ነገር የራስ ገንዘብ ይሆናል። በጆሮ ብቻ የገባ ዕውቀት በእንግድነት እንደ ገባ ሰው ነው፤ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል። በሦስቱም በር የገባው ግን ባለቤት ሆኖ ይኖራል። ሕዝባችንም ይህን ስለሚያውቅ ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል ይላል።

ክቡራን አንባብያን፤ ዛሬ በዚህ ገጽ ልናመለክታችሁ ያሰብነው ጉዳይ ይህንኑ የሚነካ ነው። ይኸውም በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚሰጠው የሳይንስ ትምህርት በብዙ ስፍራ በጆሮ በር ብቻ እየገባ መቅረቱን፥ ይህም ለአገራችን ምን ያህል ጉዳት እንዳለው፥ መድኃኒቱም የገንዘብ ብቻ እንዳልሆነ ለመግለጽ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከአንድ ትንሽ ጥያቄ እንነሣለን። ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? በአዲስ አበባ ያለ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይህ ጥያቄ ቢቀርብለት ሳያመነታ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብሎ ይመልሳል፤ መልሱም ትክክል ተብሎ ይታረምለታል። ዳሩ ግን ያው ተማሪ በዚያው ክፍል ውስጥ ውኃ ጥዶ የሙቀት መለኪያ ቢያገባበት፥ ውኃው እየተንተከተከ መለኪያው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ሲቆም ያያል። እሳቱን ቢያበዛውም መለኪያው ከዚያ አያልፍም።

እንግዲህ ስሕተቱ የማን ነው? መጽሐፉ አልዋሸም፤ መለኪያውም አልተበላሸም። 100 ዲግሪ የተባለው በባሕር ወለል ላይ ለሚፈላ ውኃ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ስለ ሆነች፥ በላይዋ ያለው አየር ያነሰ፥ በውኃው ላይ የሚጫነውም ኃይል የቀለለ ነው። ጫናው ስለ ቀለለለት ውኃው ቀድሞ ይፈላል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ውኃ በደብረ ብርሃን ወደ 91፥ በባሕር ዳር ወደ 94፥ በድሬዳዋ ወደ 96 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ባለው በዳናክል ረባዳ ምድር ግን ከ100 በጥቂቱ ያልፋል። በደጋ ያለች እናት ባቄላ ስትቀቅል በቆላ ካለች ዘመዷ ይልቅ ብዙ ሰዓትና ብዙ ማገዶ እንደሚፈጅባት ታውቃለች፤ ምክንያቱን ግን የነገራት የለም። ልጇም በትምህርት ቤት የተማረው 100 የሚለው ቁጥር የእናቱን ድስት ነገር ለማስረዳት አላስቻለውም።

አሁን ሁለት መምህራንን በሐሳባችን እናቁም። አንደኛው መምህር መለኪያው 92 ላይ መቆሙን ባየ ጊዜ፥ መሣሪያው የተበላሸ ነው፤ እናንተ 100 ብላችሁ ጻፉ ይላል። ሁለተኛው መምህር ግን፥ ልጆቼ ሆይ፥ መጽሐፉ 100 አለ፥ ዐይናችሁ 92 አየ፤ ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል? ብሎ ይጠይቃል። ከፊተኛው መምህር የተማረው ልጅ ዐይኑን መጠራጠርን፥ ያየውን ትቶ የተባለውን መጻፍን ይማራል። ከኋለኛው የተማረው ግን መጽሐፉን ሳይንቅ፥ ዐይኑንም ሳይክድ፥ ሁለቱን የሚያስታርቅ ምክንያት መፈለግን ይማራል። ሐኪምም ሆነ መሐንዲስ፥ ዳኛም ሆነ የገንዘብ መርማሪ፥ አገርን የሚጠቅመው ይህ ሁለተኛው ልጅ መሆኑ አያጠራጥርም።

ይህን ጉዳይ ዛሬ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መኰረጅን ለማስቀረት ሲባል በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከተጀመረ ወዲህ እውነተኛው የትምህርታችን መልክ ተገልጦ ታየ። ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 ከመቶ፥ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፥ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ነበሩ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መሄዱ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ የተደበቀውን ደዌ ለመግለጥ መድፈርም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በመጨረሻው ቁጥር እንኳ ከመቶው ተማሪ ከ90 የሚበልጠው ከግማሽ በታች መቅረቱን መዘንጋት አይገባም።

በ12ኛ ክፍል የታየ ውድቀት በ12ኛ ክፍል የተወለደ አይደለም። ቤት ሲሰነጠቅ ስንጥቁ የሚታየው በግድግዳው ላይ ቢሆንም ምክንያቱ ከመሠረቱ ነው። በ2015 ዓ.ም. በጸደቀው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ መሠረት የትምህርቱ ደረጃ 6 ዓመት የመጀመሪያ፥ 2 ዓመት መካከለኛ፥ 4 ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ሆኗል። እነዚህ ሁለት ዓመታት በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም በክብደት ብዙ ናቸው። ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሲሞላው ስለምን ብሎ የሚጠይቅበት ጊዜ ነው። ጠቅላላ የሆነው ሳይንስ በኋላ ፊዚክስ፥ ኬሚስትሪ፥ ባዮሎጂ ተብሎ ሳይከፈል በፊት አንድ ሆኖ የሚታይበት ጊዜ ነው። ስለ ልዩ ልዩ ምክንያት ከ8ኛ ክፍል በላይ መቀጠል ለማይችለው ልጅ ደግሞ የሳይንስ ትምህርቱ የሚፈጸምበት ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው ልጅ ስለ ውኃ፥ ስለ እሳት፥ ስለ አየር፥ ስለ በሽታ ጀርም በዐይኑ ያየው አንድ ነገር እንኳ ሳይኖረው ወደ እርሻውና ወደ ንግዱ ቢመለስ፥ ትምህርት ቤቱ ምን ሰጥቶ ሰደደው እንላለን?

አንዳንድ ሰዎች በእጅ እየሠሩ መማር ከውጭ አገር የመጣ አዲስ ልማድ ነው፤ የእኛ አገር ትምህርት ግን በቃል መያዝ ነው ይላሉ። ይህ አነጋገር የአባቶቻችንን ትምህርት ቤት በግማሽ ብቻ ከማወቅ የመጣ ነው። በቃል መያዝ በእርግጥ አለ፤ ክብሩም ታላቅ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚጽፈውም ዳዊት ደግሞ ያደገ ስለ ሆነ በቃል የተያዘ ነገር ዋጋውን ያውቃል። ነገር ግን በቅኔ ቤት ያለ ተማሪ የመምህሩን ቅኔ ብቻ ሸምድዶ የሚመረቅ አለን? የለም። ተማሪው ቀን ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የራሱን ቅኔ ሲቆጥር ይውላል፤ ማታ በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፤ መምህሩም ቤቱን፥ ሰዋስውን፥ ምሥጢሩን መርምሮ ያርመዋል። ነገም አዲስ ቅኔ ይዞ መምጣት አለበት እንጂ የትናንቱን ቢደግም አይመሰገንም። የአቋቋም ተማሪም ዝማሜውን በመጽሐፍ አንብቦ አይማረውም፤ መቋሚያና ጸናጽል ይዞ፥ ከበሮ መትቶ፥ እግሩን ከጓደኞቹ እግር ጋራ አስማምቶ ነው እንጂ። ቁም ጸሐፊም ብራና መፋቅን፥ ቀለም መበጥበጥን፥ ብርዕ መቅረጽን በእጁ ሳይሠራ ጸሐፊ አይባልም።

እንግዲህ ቤተ ሙከራ ማለት የሳይንስ ቅኔ ቤት ማለት ነው። የተማሪው ሥራ የሌላውን መልስ መድገም ብቻ ሳይሆን የራሱን ሙከራ አድርጎ ያገኘውን ይዞ መቅረብ ነው። የመምህሩም ሥራ መንገር ብቻ ሳይሆን መርምሮ ማረም ነው። ይህን ሥርዓት በአንዱ ትምህርት ቤታችን ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀን፥ በሌላው ትምህርት ቤታችን እንደ እንግዳ ነገር መቍጠራችን የሚያስገርም ነው።

አሁን ወደ ዕንቅፋቱ እንምጣ። ስለ ቤተ ሙከራ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ዕቃ የለም የሚል ነው። ይህ በብዙ ትምህርት ቤቶች እውነት ነው፤ ልንክደው አንችልም። ነገር ግን እውነቱ ሁሉ ይህ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ጸሐፊ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ አንድ ትምህርት ቤት ለሥራ ሄዶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ግቢውን ሲያስጐበኙን ቤተ ሙከራ የሚል ጽሑፍ ወዳለበት በር ደረስን፤ በሩ ተቈልፎ ነበር። ቍልፉ በንብረት ክፍል ሠራተኛው እጅ ስለ ነበረ ሰው ተልኮ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጣ። በሩ ሲከፈት በመደርደሪያው ላይ ማሰሪያቸው ያልተፈታ ሣጥኖች ተደርድረው አየን። በውስጣቸው ያለው የመስተዋት ዕቃ ከመጣ ሦስተኛ ዓመቱ ነበር። አብሮን የነበረውን የሳይንስ መምህር ስለምን እንዳልተሠራበት ብንጠይቀው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ ጌታዬ፥ ዕቃው በስሜ ወጪ ከሆነ በኋላ አንዲቱ ብትሰበር ከደመወዜ ትቈረጣለች፤ በሣጥኑ ውስጥ ሳለች ግን ማንም አይጠይቀኝም አለን።

ይህ መምህር ሰነፍ አልነበረም፤ የሒሳብ ዐዋቂ ነበር እንጂ። ዕቃው በሞዴል 19 ገቢ ሆኖ በሞዴል 22 ወጪ ሲደረግ፥ በስሙ የፈረመ ሰው ይጠየቅበታል። የመንግሥት ንብረት መጠበቁ ግዴታ ነው። ነገር ግን በ13 ዓመት ልጅ እጅ የምትገባ የሙከራ ቱቦ እንደ ጠረጴዛና እንደ ሣጥን ለዘላለም ትኖራለች ብሎ ማሰብ የማይሆን ነገር ነው። ጠመኔ ተጽፎበት ሲያልቅ መምህሩ ዕዳ ውስጥ አይገባም። ቀጭኑም መስተዋት እንዲሁ አላቂ ዕቃ እንጂ ቋሚ ዕቃ ሊሆን አይገባውም። በሥራ የተሰበረ ቱቦ ትምህርት አፍርቶ ተሰበረ፤ በሣጥን የተቀመጠው ግን ሙሉ ሆኖ ሳለ የጠፋ ንብረት ነው። ለመጽሐፍ መርማሪው ሁለተኛው ትርፍ መስሎ ይታየዋል፤ ለአገር ግን ኪሳራ ነው።

ሁለተኛው ዕንቅፋት ፈተናው ነው። በክልልና በከተማ ደረጃ የሚሰጠው የ8ኛ ክፍል ፈተናም ሆነ የ12ኛው ብሔራዊ ፈተና ከተሰጡት አማራጮች አንዱን በመምረጥ የሚሠራ ነው። ይህ ዐይነት ፈተና ለብዙ ሺህ ተማሪ በአንድ ጊዜ ለመስጠትና ቶሎ ለማረም የተመቸ መሆኑ ግልጥ ነው። ነገር ግን ተማሪው መለኪያ ማንበብ፥ ያየውን መመዝገብ፥ ከመዘገበው ምክንያት ማውጣት ይችል እንደሆነ አይጠይቅም። መምህርም ሆነ ወላጅ የሚደክመው ለሚጠየቀው ነገር ነው። በእጅ የሚሠራው ሥራ አንዲት ነጥብ እንኳ ካላስገኘ፥ መምህሩ 40 ደቂቃውን በሙከራ ከሚያሳልፈው ማስታወሻ ቢያጽፍበት ይመርጣል። ስለዚህ የቤተ ሙከራውን በር የቈለፈው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ብቻ አይደለም፤ ፈተናውም ሁለተኛ ቍልፍ ሆኖበታል።

ሦስተኛው ነገር ስውር ስለ ሆነ ልብ ማለት ያሻል። ሙከራ ማሳየት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ በተባለው ቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ይሰጥ እንደ ነበረ ይታወሳል። በመስተዋቱ ላይ ጥሩ ጥሩ ሙከራ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሉ አይጠየቅም፥ አይጠብቅም፥ ተማሪው ባይገባው ወደ ኋላ አይመለስም። መምህሩም ብዙ ጊዜ ከመክፈትና ከመዝጋት በቀር ድርሻው ጠብቦ ነበር። በዐይን በር የገባው ሁሉ ልብ እንደማይደርስ ከዚህ መማር ይቻላል።

ይህን ነገር በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ያሉ የፊዚክስ መምህራን መርምረው ውጤቱን በአውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ገልጠውታል። አንዳንዶቹ ተማሪዎች ሙከራው ሲደረግ እንዲመለከቱ ብቻ ተደረገ፤ ሌሎቹ ግን ሙከራው ከመደረጉ በፊት ምን ይሆናል ብለው እንደሚያስቡ አስቀድመው እንዲናገሩ ተጠየቁ። በኋላ ሲፈተኑ፥ ዝም ብለው የተመለከቱት ሙከራውን ፈጽሞ ካላዩት ተማሪዎች ብዙ ያልተሻሉ ሆነው ተገኙ። አስቀድመው ግምታቸውን የተናገሩት ግን በሚገባ በልጠው ተገኙ። ይህች አስቀድሞ የመጠየቅ ሥራ ከሁለት ደቂቃ በላይ አትፈጅም፤ አንዲት ሳንቲምም አታስወጣም። ሳይጠየቅ ያየ ልጅ ትርኢት አየ፤ ተጠይቆ ያየ ልጅ ግን ተማረ።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን አንድ ሙከራ እናቅርብ። መሣሪያው አንድ ጧፍ፥ አንድ ሳሕን፥ ጥቂት ውኃና አንድ ብርጭቆ ነው። ጧፉ በሳሕኑ መካከል ቆሞ ይበራል፤ ውኃ በዙሪያው ይፈስሳል፤ ከዚያ ብርጭቆው ይደፋበታል። ጧፉ ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል፤ ውኃውም ወደ ብርጭቆው ውስጥ ከፍ ይላል። ይህ ሙከራ በብዙ አገር ሲሠራ የኖረ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍቺ ግን እሳቱ ኦክሲጅኑን ስለ በላው ውኃው በቦታው ገባ የሚል ነው። አሁን ተማሪው ነገሩን በትኩረት ይመልከት። ፍቺው እውነት ቢሆን ኖሮ ጧፉ እየነደደ ሳለ ውኃው ቀስ በቀስ ከፍ ማለት በተገባው ነበር። የሚታየው ግን ውኃው በብዛት ከፍ የሚለው ጧፉ ከጠፋ በኋላ በድንገት መሆኑ ነው። በአንድ ጧፍ ፈንታ ሦስት ቢበራ ውኃው ከፊተኛው ይበልጥ ከፍ ይላል፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ኦክሲጅን ግን አልጨመረም። እንግዲህ ዋናው ምክንያት ሌላ ነው፤ በእሳቱ የሞቀው አየር ሰፍቶ ከፊሉ አረፋ እየሆነ በውኃው ሥር ይወጣል፤ እሳቱ ሲጠፋ የቀረው አየር ቀዝቅዞ ይሰበሰባል፤ በውጭ ያለው አየርም ውኃውን ገፍቶ ያስገባዋል። በአንዲት ጧፍ በመጻሕፍት ሳይቀር የተጻፈ ስሕተት ተገለጠ ማለት ነው። ይህን ያገኘ ልጅ በሕይወቱ ሙሉ የሚነገረውን ሁሉ ከሚታየው ጋራ እያመሳከረ ይኖራል።

ከጧፍ ሳንወጣ አንድ ታሪክ እንጨምር። ማይክል ፋራዴይ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ የአንድ ቀጥቃጭ ልጅ ነበረ፤ በወጣትነቱም በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ሙያ ይማር ነበር፤ ትልቅ ትምህርት ቤት አልገባም። የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ፥ ያነበበውንም በእጁ እየሞከረ ከታላላቆቹ ሊቃውንት ተራ ገባ፤ ዛሬ ዓለም የሚሠራበት የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥሩ ከእርሱ ግኝት ነው። በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለው ማኅበር በአውሮፓ አቈጣጠር በ1825 ለልጆች የሚሆን የገና ትምህርት ተጀመረ፤ ፋራዴይም በ1860 መጨረሻ የሰጠው የገና ትምህርት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስለ አንድ ሻማ ነበር። ያ ትልቅ ሊቅ ለልጆች ሲያስተምር ከሻማ የተሻለ መሣሪያ አልፈለገም።

እኛም በዙሪያችን ያለውን ብናስተውል የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት በእኛ ላይ እንደ ደረሰ እናያለን። የእንጀራ ሊጥ ከእርሾ ጋራ ሲቦካ የሚያወጣውን አየር፥ ሊጡን በጠርሙስ አድርጎ በአፉ ላይ ፊኛ በማሰር ማሳየት ይቻላል፤ ፊኛው ይነፋል። ያ አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የጠፋ ኖራን በውኃ በጥብጦ አጥልሎ፥ በጠራው ውኃ ውስጥ በቀጭን ቱቦ ቢተነፍሱበት ውኃው እንደ ወተት ይነጣል፤ በዚህም ከሊጡና ከሳንባችን የሚወጣው አንድ ዐይነት አየር መሆኑ ይታወቃል። ቀይ ጎመን የተቀቀለበት ውኃ ሎሚ ሲነካው ይቀላል፤ የአመድ ውኃ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ አሲድና ቤዝ የተባሉት በዚህ ይለያሉ። እነዚህ ሁሉ በገበያና በጓዳ ያሉ ናቸው።

ሰማይም ሳይቀር ቤተ ሙከራ ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጧት ጨረቃ የፀሐይን መካከል ሸፍና በላሊበላ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ታየች። በዚያን ጊዜ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው ስለ ነበረ መምህርና ተማሪ አብረው ለማየት አልታደሉም። በዛፍ ሥር የቆመ ሰው ግን በቅጠሎቹ መካከል ባለፈው ብርሃን የፀሐይዋን መልክ በመሬት ላይ በብዙ ተባዝቶ ማየት ይችል ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ፀሐይ በአገራችን ሰማይ በከፊል የምትሸፈንበት ቀን ነው። በወረቀት ላይ በመርፌ አንዲት ቀዳዳ ማበጀትና ብርሃኑን በሌላ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ለማየት ይበቃል። ፀሐይን በባዶ ዐይን መመልከት ግን ዐይን ያጠፋል፤ መምህራን ይህን አጥብቀው ማስጠንቀቅ አለባቸው።

በዚህ ላይ የሚቀርቡ ተቃውሞዎችን ልናልፋቸው አይገባም። በአንድ ክፍል 60 ወይም 70 ተማሪ ተቀምጦ እንዴት ሁሉም በእጁ ይሠራል? የሚል አለ። እውነት ነው፤ ሁሉም ሁልጊዜ አይሠራም። ነገር ግን መምህሩ በፊታቸው አንዱን ሙከራ ሲያሳይ ግምታቸውን አስቀድሞ ከጠየቃቸው፥ ሁለት ሁለት ተማሪም በተራ እየወጣ መለኪያውን አንብቦ ለጓደኞቹ ከተናገረ፥ ብዛታቸው አይከለክልም። አደጋ አለበት የሚልም አለ። ብርቱ አሲድና የሚፈነዳ ነገር በልጅ እጅ መግባት የለበትም፤ ሎሚና አመድ ግን ማንንም አይገድሉም። እሳት ባለበትም መምህሩ ራሱ ይያዝ፤ አሸዋ የተሞላ ባልዲም በአጠገቡ ይኑር። የትምህርቱ ክፍል ብዙ ስለ ሆነ ጊዜ አይበቃም የሚልም አለ። ለዚህ መልሳችን፥ 20 ምዕራፍ ነግሮ ከመጨረስ 15ቱን አስረድቶ መጨረስ ይሻላል የሚል ነው። ያልገባ ትምህርት ተፈጸመ አይባልም፤ አለፈ ይባላል እንጂ።

በጦርነት ስለ ተጐዱት ትምህርት ቤቶች ለይቶ መናገር ያስፈልጋል። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈርሰዋል፥ ዕቃቸውም ተዘርፏል። በእነዚህ ስፍራዎች ቤተ ሙከራ እስኪሠራ ድረስ የሳይንስ ሙከራ ይቈይ የሚለው አስተያየት ትክክል አይመስለንም። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላ ዩኔስኮ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1948 በጦርነት ለፈረሱ አገሮች የሳይንስ መምህራን የሚሆን መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። የመጽሐፉ ሐሳብ መሣሪያ የጠፋበት መምህር ከቆርቆሮ፥ ከጠርሙስ፥ ከሽቦና ከእንጨት መሣሪያ እንዲያበጅ ነው። ይህ ሐሳብ እያደገ ሄዶ በ1956 ሰፊ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ፤ በብዙ ቋንቋም ተተረጐመ፤ ጦርነት ባልነካቸው አገሮችም ተሠራበት። ከችግር የተወለደ ጥበብ ለባለጸጋውም ተረፈ ማለት ነው። ትምህርት ለትውልድ በተባለው ንቅናቄ ሕዝቡ ለትምህርት ቤቶች መሻሻል ገንዘቡንና ጕልበቱን እየሰጠ ባለበት በዚህ ዘመን፥ ከግንቡና ከጣሪያው ጋራ ይህም ቢታሰብ መልካም ነው።

እንግዲህ ሥልጣን ላላችሁ ሹማምንት በትሕትና የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ለትምህርት ቤት ሙከራ የሚውለው የመስተዋት ዕቃ በንብረት መዝገብ ከአላቂ ዕቃ ተራ እንዲገባ፥ በሥራ ላይ ለሚሰበረውም በየዓመቱ የታወቀ መጠን እንዲፈቀድ፥ መምህሩም ከደመወዝ መቈረጥ ፍርሃት ነፃ እንዲወጣ ይሁን። ተቈጣጣሪዎችም ትምህርት ቤቱን ሲጐበኙ ስንት ዕቃ አላችሁ ከማለት ይልቅ በዚህ ወር ስንት ሙከራ አደረጋችሁ፥ የተማሪውን መዝገብ አሳዩን ይበሉ። ሁለተኛ፥ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ውጤት ውስጥ በእጅ ለተሠራው ሥራ የታወቀ ነጥብ ይሰጠው። ነጥቡ ጥቂትም ቢሆን በሩን ያስከፍታል። ሦስተኛ፥ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች እጩ መምህሩ በአካባቢው ዕቃ ቢያንስ 20 ሙከራ በራሱ እጅ ሳይሠራ፥ አስቀድሞ መጠየቅንም ሳይለማመድ የሳይንስ መምህር ተብሎ አይመረቅ። ያላየውን የሚያሳይ፥ ያልነካውን የሚያስነካ ሰው የለምና።

ለእናንተም ለተማራችሁ ካህናት የምንለው አለን። በብዙ ገጠር ወላጅ ከማንም ይልቅ የሚሰማው የእናንተን ቃል ነው። ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ሊጥ በጠርሙስ ሲከት፥ ከጓዳም ሎሚ ሲያነሣ ያየ አባት ልጄ ሥራ ፈትቶ ይጫወታል ብሎ ይቈጣ ይሆናል። ቅኔ ሲቆጥር የዋለ ተማሪ ሥራ ፈት እንዳይደለ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ይህም ልጅ እንዲሁ መሆኑን ለአባቱ ብትነግሩት ከብዙ መምህር የበለጠ ሥራ ትሠራላችሁ።

በመጨረሻም ወደ ጀመርንበት ጥያቄ እንመለስ። ውኃ በስንት ዲግሪ ይፈላል? አንድ የ7ኛ ክፍል ተማሪ ይህን ሲጠየቅ፥ የት ቦታ ነው የሚፈላው? ብሎ መልሶ የጠየቀ ቀን፥ የሳይንስ ትምህርታችን እንደ ተሻሻለ በዚያ እናውቃለን። ለዚያች ቀን የሚያስፈልገው አንድ ማሰሮ፥ አንድ የሙቀት መለኪያ፥ ለመጠየቅ የማይፈራ አንድ መምህርና የተከፈተ አንድ በር ነው። የበሩ ቍልፍ ግን በተማሪው እጅ ሳይሆን በእኛ በአዋቂዎቹ እጅ ስላለ፥ በጊዜው እንድንከፍተው አደራ እንላለን።